«ሳይሆን አይቀርም» የተባለው የአባቴ በሽታ

አባቴ ሰካራም አልነበሩም። በዕድሜዬ ይህን ያህል ደጋግሜ የተናገርኩት ቃል የለም። ለጎረቤት ተናግሬዋለሁ፤ ለአውራጃው ጸሐፊ ተናግሬዋለሁ፤ ለቀስተኛ ፊት ቆሜ ተናግሬዋለሁ። በዓመት በዓል አንድ ዋንጫ ጠላ ይቀበላሉ፣ ግማሹን አጠገባቸው ለተቀመጠው ሰው ያሻግራሉ፤ ከዚያ ወዲያ መጠጥ አፋቸው አይገባም። አረቄማ ሽታው ራሱ ያስነጥሳቸው ነበር። እንዲህ ያሉ ሰው በስካር ስም ከዳኝነታቸው ተሻሩ፣ በስካር ስም ተቀበሩ። ዛሬም ሳስበው ጥርሴን እነክሳለሁ።

ጊዜው የንጉሡ ዘመን ማብቂያ አካባቢ ነው። የምንኖረው ስማዳ ውስጥ፣ ከወገዳ ገበያ የግማሽ ቀን መንገድ ርቀን ነበር። አባቴ ያጥቢያ ዳኛ ነበሩ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ባለ ወይራ ሥር፣ በድንጋይ መደብ ላይ ተቀምጠው የወሰን፣ የስድብና ከብት ያጠፋው የሰብል ክስ ይሰማሉ። እኔ እስቴ ተድሬ ሳይሆንልኝ ፈትቼ የተመለስኩ የሃያ ሁለት ዓመት ሴት ነበርኩ። ወገዳ ዘመድ ቤት ተቀምጬ እስከ ስድስተኛ ክፍል ስለተማርኩ፣ አባቴ ከበላይ የሚመጣላቸውን ደብዳቤ እያነበብኩላቸው መልሱን እጽፍ ነበር። እናቴ «አማች ቢያጡ ጸሐፊ አገኙ» እያለች ትስቅብን ነበር።

መጀመሪያ የወደቁት ከዳኝነት ሲመለሱ ነው። መንገዱ ሜዳ ነበር፤ ድንጋይ አልነበረበትም፣ ጭቃም አልነበረም። እኔ ከኋላቸው ነበርኩ። አልተደናቀፉም፣ አልጮሁም፣ እጃቸውን እንኳ ለመደገፍ አልዘረጉም። እንደተቆረጠ ግንድ ቀጥ ብለው ወደ ኋላ መጡብኝ፤ ልይዛቸው ሳልደርስ ማጅራታቸው መሬት መታ።

«ምን ነካዎት አባባ?»

«እንጃ ልጄ። መሬቱ ከሥሬ ሸሸ።»

በዚያው ወር ሦስት ጊዜ ወደቁ፤ ሦስቱንም ጊዜ ወደ ኋላ ነው። ከዚያ ሌላ ሌላው ተከተለ። ሲቀመጡ እንደተጣለ ጆንያ ዱብ ይላሉ። ሲነሡ አንድ ነገር የገፋቸው ይመስል ብድግ ይሉና መልሰው ይወድቃሉ። አንገታቸው እየተገተረ ወደ ላይ ቀና አለ። ዓይናቸው እምብዛም አይርገበገብም፤ ፊታቸው ሁልጊዜ የደነገጠ ሰው ፊት ሆነ። ንግግራቸው ወፍራምና የተጎተተ ሆነ። ከሁሉ የሚገርመው ደግሞ ወደ ታች ማየት አቃታቸው። ገበታ ፊት ተቀምጠው ከእንጀራው በላይ ግድግዳውን ያያሉ፤ እጃቸው ወጡን እየሳተ ጋቢያቸው ላይ ይንጠባጠባል። እናቴ «ገበታውን ይመልከቱ እንጂ» ስትላቸው «እያየሁ ነው» ይላሉ። እያዩ አልነበረም። እንደማያዩም እሳቸው ራሳቸው አያውቁም ነበር።

ሰው ግን ሁሉንም ተረጎመው። አንገታቸው ቀና ሲል «ዳኛው ኮሩ፣ እግራቸው ሥር የወደቀ ባላጋራ እንኳ አያዩም» ተባለ። ጋቢያቸው ሲቆሽሽ «ራሳቸውን ጣሉ» ተባለ። ምላሳቸው ሲተሳሰርና ሲወድቁ ደግሞ ነገሩ አለቀለት። የሚወድቅና ምላሱ የሚተሳሰር ሰው በእኛ አገር አንድ ስም ብቻ ነው ያለው።

እዚህ ላይ የራሴን ነውር ልናገር፤ ሌላውን ስከስ ራሴን ደብቄ መሆን የለበትም። እኔም ጠርጥሬያቸው ነበር። አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ እናቴ ወንዝ ወርዳ ሳለ፣ ቤቱን በረበርኩ። ከአልጋቸው ሥር፣ ከጎታው ኋላ፣ ከማሳው ጀርባ ባለው አጥር ውስጥ ሁሉ ጠርሙስ ፈለግሁ። ከዚያ በፊት ጋቢያቸውን ላስተካክል መስዬ ጠጋ ብዬ አፋቸውን አሽትቼ ነበር። ከጎታው ኋላ ተጎንብሼ ስወጣ በሩን ይዘው ቆመው አገኘኋቸው።

«ምን ጠፋብሽ?»

«ምንም።»

በዚያ በተጎተተ ድምፅ «ካገኘሽው ለእኔም አሳዪኝ» አሉ። «እኔም እየፈለግሁት ነው።»

ከዚያ ቀን ወዲህ አልጠረጠርኳቸውም። ግን መጠርጠሬን አውቀዋል። ይህን ማንም አይፍቅልኝም።

አሁን ወደ አጥቢያችን ጭቃ ሹም ልምጣ። የአገር ሹም ስለነበረና በዕድሜም ስለሚበልጠኝ «ነበሩ» ማለት ይገባኝ ነበር፤ አልልም። ይህ ሰው ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የሟች ወንድሙን ልጆች መሬት ወሰን ገፍቶ አርሶ አባቴ ፈርደውበት ነበር። ወሰኑ ወደ ቦታው እንዲመለስ ሲወሰን ዝም ብሎ እጅ ነሥቶ ሄደ፤ እኛም የረሳው መስሎን ነበር።

አንድ እሑድ አባቴ ፍርድ ሊሰጡ ከመደቡ ሲነሡ እንደልማዳቸው ብድግ አሉና በሕዝብ ፊት ወደ ኋላ ወደቁ። ራሳቸው ተፈነከተ። ከተሰበሰበው ሰው መሐል አንድ ሁለቱ ሳቁ። ደማቸውን በነጠላዬ ስጠርግ ጭቃ ሹሙ በላዬ ቆሞ «ከቅዳሴ ወጥቶ እንኳ አይታገሥም?» ሲል ሰማሁ። በሳምንቱ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ወደ አውራጃው ጻፈ።

መልሱ በወር ውስጥ መጣ። የእኛ የከብት ጉዳት ጉዳይ ሁለት ዓመት በሚቆይበት መሥሪያ ቤት፣ ይህ በወር ውስጥ አለቀ። ደብዳቤውን ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። በችሎት ላይ በመጠጥ ራሳቸውን ስተው ስለተገኙ ከዳኝነታቸው ተሰናብተዋል፣ ማኅተሙን ያስረክቡ ይላል። ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ።

«ምስክር ተሰምቷል ይላል?»

«ሦስት ሰዎች ይላል።»

«እኔን ማን ጠየቀኝ?»

«ማንም።»

«እንግዲያ ፍርድ አይደለም» አሉ። «ተከሳሹ ያልተሰማበት ፍርድ የለም። በሽታዬ ምን እንደሆነ አስመርምራችሁ በጽሑፍ አምጡልኝ። ይግባኝ እላለሁ።»

አልተቆጡም። የተቆጣሁት እኔ ነኝ፤ ያ ቁጣ ነው እስከ ዛሬ የቀረልኝ።

ንፋስ መውጫ እየተመላለሰ የሚነግድ አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም፣ ይዞን ተነሣ። አባቴን በበቅሎ ጫንናቸው፤ ወደ ኋላ እንዳይወድቁ አጎቴ ከኋላቸው ተፈናጥጦ ወገባቸውን አቅፎ ያዘ። ቁልቁለት ሲመጣ የባሰ ነበር፤ እሳቸው ገደሉን አያዩትም፣ ሰማዩን እያዩ ነው የሚወርዱት። እስቴን አቋርጠን መካነ ኢየሱስ አደርን፤ ከዚያ ወዲያ የጭነት መኪና እስክናገኝ ደግሞ በእግር ሄድን። ሐኪም ቤት ስንደርስ የእኔ እግር አብጦ ነበር።

ሐኪሙ የውጭ አገር ሰው ነው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ቸኩሎ ነበር። ጠረጴዛው ላይ የታተመ ወረቀት አለ። የአባቴን ክንድ አጠፈ፣ ዘረጋ፣ ጣታቸውን አስቆጠራቸው፣ ሁለት እርምጃ አስኬዳቸው፤ ከዚያ ወረቀቱን አይቶ ተናገረ። አስተርጓሚው ወደ እኔ ዞሮ «የሚያንቀጠቅጥ በሽታ ነው» አለኝ። «ምልክቱ ሦስት ነው፦ መንቀጥቀጥ፣ መገተር፣ መዘግየት። ከሦስቱ ሁለቱ ከተገኘ በቂ ነው።»

«አባቴ አንድ ቀን እንኳ ተንቀጥቅጠው አያውቁም» አልኩ።

«ሁለቱ በቂ ነው ተብለሻል።»

«ወደ ኋላ እንደሚወድቁ ንገርልኝ። ወደ ታች ማየት እንደማይችሉም ንገርልኝ።»

አስተርጓሚው ወረቀቱን በእጁ ጠቆመኝ። «መውደቅ እዚህ ላይ የለም» አለ። ለሐኪሙም አልተረጎመለትም። እኔ ሦስት ቀን ተጉዤ ያመጣሁት እሱኑ ነበር፤ መውደቁንና ዓይኑን። በወረቀቱ ላይ ስለሌለ ከአባቴም ላይ እንዳልነበረ ተቆጠረ። የበሽታው ስም ተጻፈልን፣ ክኒን ተሰጠን፣ ሄድን። አባቴ ግን «ተንቀጥቅጬ ሳላውቅ በዚህ ወረቀት ይግባኝ አልልም» አሉ።

ያ ክኒን አባቴን ወሰደብኝ። አፋቸው ደረቀ፤ መገተሩ አልቀነሰም፣ መውደቁ አልቀነሰም። በሁለተኛው ሳምንት በጠራራ ፀሐይ ቤት ውስጥ ችሎት ተቀመጡ። ባዶውን ግድግዳ እያዩ «አንተ ቆይ፣ እሷ ትጨርስ» ይላሉ። ከሞተ ዓመታት ያለፉት ሰው ገብቶ እንዲምል ያዛሉ። ጎረቤት ሰምቶ መጥቶ በበር አየና «ጠጥቶ ጠጥቶ አበደ» ብሎ ሄደ። እናቴ የክኒኑን ብልቃጥ ከመደቡ ላይ አነሣች፣ ወጣች፣ ቁልቋሉ ውስጥ ወረወረችው። በአራት በአምስት ቀን አእምሯቸው ተመለሰ። «ሰው ሁሉ የት ሄደ?» ብለው ጠየቁኝ። ማንም አልነበረም ስላቸው ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። ያፈሩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ዓመት አለፈ። ምግብ ያንቃቸው ጀመር፤ ንግግራቸውን ከእኔና ከእናቴ በቀር የሚለይ ጠፋ። አጎቴ ከንግዱ ሲመለስ ውጭ አገር ተምሮ የመጣ የአገራችን ሰው የሆነ ሐኪም በአንድ ትልቅ ከተማ እንዳለ ሰምቶ ነገረን። እንደገና በቅሎ፣ እንደገና እስቴ፣ እንደገና መኪና።

ይህኛው ሐኪም ከሁሉ አስቀድሞ የጠየቀው እኔን ነው። «መጀመሪያ ያየሽው ምንድን ነው?» አለኝ። ወደ ኋላ መውደቃቸውን ስነግረው ብዕሩን አስቀመጠ። ከዚያ አባቴ ፊት ተቀመጠና «አባቴ፣ ጫማዬን ይመልከቱልኝ» አላቸው። አባቴ አንገታቸውን ዝቅ ሊያደርጉ ታገሉ፤ ዓይናቸው ከሐኪሙ ግንባር ንቅንቅ አላለም። «አሁን ደግሞ አፍንጫዬን ብቻ ይመልከቱ፣ አይልቀቁት» አለና ጭንቅላታቸውን በሁለት እጁ ይዞ በዝግታ ወደ ኋላ ቀና አደረገው። አፍንጫውን እንዳዩ ዓይናቸው በጉድጓዱ ውስጥ ወደ ታች ሲንሸራተት በዓይኔ አየሁ።

«አየሽ?» አለኝ። «ዓይናቸው ደህና ነው። ይታዘዛል። ከአንጎል ወደ ዓይኑ የሚሄደው ትእዛዝ ነው የተቋረጠው። ሰውነታቸውን የሚያቆመውም ነገር እንደዚሁ እየተበላሸ ነው። የመጠጥም የእርግማንም አይደለም።»

አለቀስኩ። በሽታው የማይድን መሆኑን ከዚያው ጋር ነግሮኝ ነበር፤ እኔ ግን ያለቀስኩት ከደስታ ነው። መጠጥ አይደለም የሚል ሰው አገኘሁ።

በሽታው ስም የወጣለት በቅርቡ እንደሆነ፣ እሱም በትምህርት ላይ ሳለ ሁለት እንደዚህ ያሉ ሰዎች ብቻ እንዳየ ነገረን። እሱም ወረቀት አለው፤ የምልክት ዝርዝር። እኔ ወረቀት ስላየሁ ደሜ ፈላ። «ያም ሐኪም ወረቀት ነበረው» አልኩት።

«ልክ ነሽ» አለ። «ምልክት ቆጥሮ በሽታ መለየት ችግር አለው። ሁሉም ምልክት እስኪሟላ ከጠበቅን ብዙም አንሳሳትም፤ ግን እስኪሟላ በሽተኛው ያልቃል። ቀደም ብለን በጥቂቱ ከወሰንን ደግሞ ከሌላ በሽታ ጋር እናምታታዋለን። አባትሽን ያኔ ባያቸው እኔም ልሳሳት እችል ነበር።»

«አሁንስ እርግጠኛ ነዎት?»

«ይህ በሽታ ሳይሆን አይቀርም።»

«እርግጡ መቼ ይታወቃል?»

አባቴን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። አባቴ ግን ጆሯቸው እንደ ድሮው ነበር። «ካረፉ በኋላ ነው» አለ። «አንጎላቸው ወጥቶ በማጉያ መነጽር ከታየ። ከዚያ በፊት በዓለም ላይ ያለ ማንም ሐኪም እርግጠኛ ነኝ አይልም።»

አባቴ አንድ ቃል ተናገሩ። ሐኪሙ አልሰማውም። «ክፈቱት እያሉ ነው» አልኩት።

ጽሑፉን ሲያዘጋጅ «በእርግጥ ይህ በሽታ ነው ብለው ይጻፉልኝ» ብዬ ለመንኩት። ለምን እንደምንፈልገው ሁሉንም ነገርኩት፤ ደብዳቤውን፣ ጭቃ ሹሙን፣ ማኅተሙን። እስከ መጨረሻው ሰማኝ። «መጠጥ እንዳልሆነ እጽፍልሻለሁ» አለ። «የበሽታውን ስም ግን ሳይሆን አይቀርም ብዬ ነው የምጽፈው። የማላውቀውን አውቃለሁ ብዬ አልፈርምም።» ያን ቀን ጠላሁት። አሁን ሳስበው በዚያ ሁሉ ነገር ውስጥ ከገቡት ወንዶች ሁሉ የማያውቀውን አላውቅም ያለ እሱ ብቻ ነው። ይህን አውቃለሁ፤ ሆኖም አንድ ቃል ቢቀይርልኝ ምን ነበረበት የሚል ነገር ከልቤ አልወጣም።

ወረቀቱን ይዤ ከአጎቴ ጋር አውራጃው መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ሁለት ቀን በር ላይ ካስቀመጡን በኋላ ጸሐፊው ተቀበለን። ወረቀቱን በጣቱ እየተከተለ አነበበና መሐሉ ላይ ቆመ።

«ሳይሆን አይቀርም ይላል።»

«አዎ። ከታች ደግሞ መጠጥ አይደለም ይላል።»

«የትኛው በሽታ እንደሆነ ካላወቀ መጠጥ አለመሆኑን በምን አወቀ? መሥሪያ ቤቱ እርግጠኛ ማስረጃ ነው የሚቀበለው።»

«ሰክረዋል ሲባልስ ምን ማስረጃ ቀረበ? ማን አፋቸውን አሸተተ?»

«ሦስት የታወቁ ሰዎች መስክረዋል።»

«ገምተው ነው እኮ የመሰከሩት።»

«እነሱ ግን ሳይሆን አይቀርም አላሉም» አለኝ።

ይህን ያለው እያሾፈብኝ አልነበረም። አምኖበት ነው። በጥንቃቄ የተናገረው ሐኪም ደካማ ምስክር ሆነ፤ ዓይናቸውን ሳያሹ የማሉት ሦስቱ ጠንካራ ምስክር ሆኑ። አጎቴ ክንዴን ይዞ ባያወጣኝ ኖሮ ያን ቀን ምን እንደማደርግ አላውቅም። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ትቼው ወጣሁ፤ አጎቴ ተመልሶ ገብቶ አመጣው።

ለአባቴ ስነግራቸው መልስ ለመስጠት ድምፅ አልነበራቸውም። ያኔ የምንነጋገረው በእጅ ነበር፤ አዎ ከሆነ ጣቴን አንድ ጊዜ ይጨብጡኛል። «ይግባኙን አልተቀበሉትም» አልኳቸው። አልጨበጡኝም። ዓይናቸው ጣሪያው ላይ እንደተተከለ እንባ በጆሯቸው በኩል ወረደ።

በክረምቱ እህል ውሃ አልወርድ አላቸው። የቀመሱት ሁሉ በሳንባቸው እየገባ ትኩሳትና ሳል ያዛቸው፤ በአምስተኛው ቀን ጠዋት እናቴ ፊታቸውን እያጠበች ሳለ አረፉ። «ክፈቱት» ያሉትን አልረሳሁም ነበር። ለንስሐ አባታችን ነገርኳቸው። «ልጄ፣ የተናገሩትስ ተናግረዋል፤ ግን ማን ይከፍታል?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ወንዙ ሞልቷል፣ በቅሎ አያሻግርም፣ ሐኪሙ የሰባት ቀን መንገድ ርቋል። በዓለም ላይ እርግጡን ሊናገር የሚችለው አንድ ነገር ከእሳቸው ጋር አፈር ገባ።

ጭቃ ሹሙ ለቅሶ መጣ። መምጣቱ ባልከፋ፤ ለቅሶ አይከለከልም። ግን በድንኳኑ መሐል ተቀምጦ፣ ጋቢውን አፉ ላይ አድርጎ፣ ሰው እንዲሰማው አድርጎ «ደግ ዳኛ ነበር፤ ምን ያደርጋል፣ መጠጡ ባይጥለው» አለ። ያዘነ መስሎ ነው ያለው። ምናልባትም ከልቡ አዝኖ ይሆናል።

ተነሥቼ ፊቱ ቆምኩ። ሴት ልጅ በአባቷ ለቅሶ ላይ እንዲህ አታደርግም።

«አባቴ ሰካራም አልነበሩም» አልኩት። «አንጎላቸው ታሞ ነው የወደቁት። ወደ ታች የማያዩት ኮርተው አይደለም፣ ዓይናቸው እምቢ ብሏቸው ነው። ሐኪም አይቷል፣ ጽፏል። አንተ የአባቴን አፍ አሽትተህ ታውቃለህ?»

ጋቢውን ከአፉ ላይ አወረደ።

«እኔ አሽትቻለሁ» አልኩት። «ምንም አልነበረም።»

ጭቃ ሹሙ አቀርቅሮ መሬቱን አየ። እሱ መሬት ማየት ይችል ነበር። ከጎኑ ከነበሩት ሁለት ምስክሮች አንዱ ወደ ውጭ ወጣ፤ አንዱ ደግሞ ከዚያ ቀን ጀምሮ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ አጥር ታክኮ ያልፋል። ይቅርታ ግን ማንም አልጠየቀም። ደብዳቤው አልተሻረም፤ ማኅተሙን ጭቃ ሹሙ ያቀረበው ሰው ወሰደው፤ የወንድሙ ልጆች ወሰንም በቀጣዩ ዓመት እንደገና ተገፋ።

የተዝካሩ ቀን ሲቃረብ ንስሐ አባታችን እናቴን ሊያነጋግሯት መጡ። ጭቃ ሹሙ ይጠራ፣ ቂም ይዞ ተዝካር አይወጣም አሏት። እናቴ ብቅሉን እያገላበጠች ነበር፤ ሳትቆም መለሰችላቸው።

«አባቴ፣ እግዜር ይቅር ይበለው። እኔም ይቅር ብዬዋለሁ። ጠላ ግን አልቀዳለትም።»

ንስሐ አባታችን ወደ እኔ ዞሩ፤ ነገሩን የሚያለሳልስ ቃል እንድናገር ጠብቀው ይሆናል። እኔ እንደ እናቴ ይቅር አላልኩም ነበር። ቅሉን አነሣሁና ውሃ ልቀዳ ወጣሁ።